ሳልጠይቃት ያሸነፍኩላት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ስልሳ ሁለት ደረጃ። ቆጠርኩት።

የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ የሥልጠና አዳራሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ራሱ ወይቦ ጠርዙ ተጠቅልሏል... ጊዜው ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ። የዛሬው የሥልጠና ርዕስ፦ «ለሁሉም የሚመች የሥራ ቦታ»። በአንድ እጄ ምርኩዜን፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ይዤ፣ ላፕቶፑን ጀርባዬ ላይ አዝዬ፣ ግራ እግሬን እንደ ልማዷ ከኋላ እያስከተልኩ ወደሚመቸው የሥራ ቦታ ወጣሁ።

የሰው ሀብት ኃላፊው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ደግ ሰው ነው። ደግ ሲሆን ያልበዋል።

«ጥበቃዎቹ ወንበር ላይ አድርገው ያውጡዎት እንዴ?»

«ኧረ አያስፈልግም፣ ደርሻለሁ እኮ።»

የት ደርሼ! ገና ሃያ ምናምን ይቀረኝ ነበር። ግን የአካል ጉዳተኞች እኩልነት አማካሪ ሆኖ በወንበር ተንጠልጥሎ መግባት... ክብር አለኝ። ትንፋሽ ነው ያጣሁት።

ሃያ ስድስት ሰልጣኝ። የመጀመሪያዋ ስላይዴ፦ «ከመርዳትህ በፊት ጠይቅ»። ይህቺን ስላይድ ዘጠኝ ዓመት ይዣት ዞሬያለሁ። ባንክ፣ ሆቴል፣ ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤት። አፌ ራሱ ያለ እኔ ያስተምራታል። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ እጁን አወጣ።

«እህቴ፣ ስጠይቀው ቢቆጣኝስ?»

«ይቆጣሃ!» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ። ሲስቁልኝ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ይህን ለማንም አልናገርም።

ስንጨርስ ኃላፊው ወደ ጥግ ወሰደኝ። የስልክ ጥሪ ክፍል ውስጥ አንዲት ማየት የተሳናት ሠራተኛ አለች፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። አሁን አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት ገብቷል። «ይከብዳታል ብለን... መዝገብ ቤት ቀለል ያለ ሥራ ልናዘጋጅላት አስበናል። ፖስታ ማሸግ ምናምን። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ምን እላለሁ! ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ እንደ አሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያደርገኛል።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ስልከኛዋን ላያት ሄድኩ።

የጥሪ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ስምንት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። እሷ ከበሩ ቀጥሎ ነው የምትቀመጠው። እኩያዬ ትመስለኛለች፣ አርባዎቹ መካከል። በአንድ ጆሮዋ ደዋዩን ትሰማለች፣ በሌላው ኮምፒውተሩ ያነብላታል። ንባቡ ከመፍጠኑ የተነሳ እኔ አንዲት ቃል አልያዝኩም።

«እማማ፣ ቧንቧው የፈነዳው ከቆጣሪው ወዲህ ነው ወዲያ?... ወዲያ ከሆነ የእኛ ነው። አይዞዎት፣ ሰው እልካለሁ። እስከዚያ ባልዲ ያስጠጉ... ባለ አረንጓዴው በር ቤት ነዎት አይደል? አምናም ደውለው ነበር።»

ስትጨርስ ትከሻዋን ነካ አደረግኩና «አይዞሽ፣ ከዚህ ወንበር ማንም አያነሳሽም» አልኳት።

ድንግጥ አለች። ዞር ብላ «ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

ስሜን አልተናገርኩም! ማየት የተሳነውን ሰው ሳትናገር አትንካ፣ መጀመሪያ ማን እንደሆንክ ንገር... ስላይድ ቁጥር አራት። በቀይ ነው የተጻፈው። አማካሪዋ መሆኔን ነገርኳት።

«እንደዚያ ነው? ጥሩ። ስለ ሥራዬ የማወራዎት ነገር ነበረኝ። አሁን ግን ሰባት ሰው መስመር ላይ እየጠበቀኝ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ይመለሳሉ?»

«እመለሳለሁ» አልኳት።

ሰባት ሰዓት ላይ ሌላ ቀጠሮ ነበረኝ። አልተመለስኩም። ደግሞስ ምን እንደምትለኝ አውቀው የለ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰማሁትን ነው የምትነግረኝ።

አሁን ስጽፈው ነው ትዝ ያለኝ... እሷ «እርስዎ» ስትለኝ እኔ «አንቺ» ነበር ያልኳት። ለምን? ኃላፊውን አንተ ብዬው አላውቅም። የጥበቃውን ሽማግሌ እንኳ አንቱ ነው የምለው።

ደክሞኝ ነው መሰለኝ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ አንበሳ ነበርኩ!

ስብሰባው ዋና ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሊሆን ነበር። (ሊፍቱ አልተሠራም። ወደ ታች ይውረዱና ምድር ቤት እንሰብሰብ ስላቸው ወረዱ። የመጀመሪያው ድል።) ሥራ አስኪያጇ ብዙ አትናገርም። መነጽሯን ታወልቃለች፣ ትጠርጋለች፣ መልሳ ታደርጋለች። ኃላፊው የመዝገብ ቤቱን ነገር አስረዳ። «ለእርሷ ምቾት ብለን...»

ያኔ ነው የተነሳሁት። ብድግ ብዬ! ምርኩዜ ወደቀ፣ አላነሳሁትም።

«የማንን ምቾት ነው የምታወሩት? አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለችን ሰው ፖስታ ልታሳሽጉ? ከወንበሯ አትነሳም! መነሳት ያለበት አመለካከታችሁ ነው!»

የኃላፊው ግንባር ወዛ። ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን አደረገች። «ትክክል ናቸው» አለች። እዚያው የምክር ደብዳቤ እንድጽፍ ተነገረኝ። ጻፍኩ። «ሠራተኛዋ አሁን ባሉበት የሥራ መደብ ያለ ምንም ለውጥ እንዲቆዩ።» «ያለ ምንም ለውጥ» የሚለውን ራሴ ነኝ የጨመርኩት። ደማቅም አደረግኩት።

ስንወጣ ሥራ አስኪያጇ የዓመቱን ሥልጠና ለሁሉም ቅርንጫፎች እኔ እንድሰጥ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ውሉ እየተዘጋጀ ነው። ሁሉም ቅርንጫፍ!

በስልከኛዋ በር በኩል አለፍኩ። እያወራች ነበር። አልረበሽኳትም። ከሩቁ እጄን አውለበለብኩላት።

እጄን አውለበለብኩላት። ልብ በይ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

እናታችን ቤት ምሳ። ታናሽ እህቴም ነበረች። ነርስ ናት። ሰውን በጥያቄ መመርመር ሥራዋ ስለሆነ ቤትም አታርፍም።

የሐሙሱን ድሌን ተረኩላቸው። ቆሜ። እማ አጨበጨበችልኝ፣ ከዚያ «ተቀመጪ አንቺ፣ እግርሽን» ብላ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። አንድ በአንድ ፈልቅቃ፣ ፍሬውን አውጥታ። አርባ አራት ዓመቴ ነው።

እህቴ ብርቱካኑን አየች፣ እኔን አየች።

«ሴትዮዋ ምን አለች?»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ሥራዋ ነዋ። እዚያው መቆየት ትፈልጋለች?»

«ታዲያስ! ማን ፖስታ ማሸግ ይፈልጋል?»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። ነግራሻለች ወይ?»

«በደንብ ነዋ።»

«መቼ?»

ብርቱካኑ አነቀኝ። እማ ጀርባዬን መታችኝ። በዚያው ሌላ ወሬ ተነሳ፣ ተገላገልኩ።

እህቴ ግን እንዳየችኝ ቀረች። ይህቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት።


እሑድ፣ ጥቅምት 17

ምናለ ሰባት ሰዓት ላይ ብመለስ ኖሮ? ...አይ። ደስ ብሏት ነው የሚሆነው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ደወለች።

«ከውኃ አገልግሎት ነው፣ የጥሪ ክፍሏ ነኝ።»

ድምፄን ለስለስ አድርጌ «ኧረ ምንም አይደል፣ ሥራዬ ነው» አልኳት።

ገና ምንም ሳትል! ምስጋናዋን ቀድሜ ተቀበልኩት።

«ላመሰግንዎት አይደለም የደወልኩት» አለች።

ልትጮህብኝ ነው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩ። እሷ ግን አልጮኸችም። ቧንቧ እንደፈነዳበት ሰው አረጋግታ፣ በቅደም ተከተል ነገረችኝ። አዲሱን ሥርዓት ኮምፒውተሯ እንዲያነብላት ከቴክኒክ ክፍል ሠራተኛው ጋር ሁለት ሳምንት ቁጭ ብለው አስተካክለውታል። እኔ ከመምጣቴ በፊት። ማንም አልጠየቃትም እንጂ ችግሩ አልቆ ነበር። መዝገብ ቤትማ ድሮም አትሄድም፣ እምቢ ብላ ጽፋለች። የፈረቃ ኃላፊ ቦታ ክፍት ወጥቶ ነበር። አመልክታለች። ከአራቱ ዕጩዎች አንዷ ነበረች።

«ነበርኩ» አለች። «ትናንት ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ። ምክንያቱን ስጠይቅ የእርስዎን ደብዳቤ አነበቡልኝ። ባሉበት የሥራ መደብ... ያለ ምንም ለውጥ።»

«አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ» አለች። «ልነሳ ነበር።»

ከዚያ «ሌላ ጥሪ አለብኝ» ብላ ዘጋችው።

ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሻዩ ቀዝቅዞ በላዩ ቆዳ አበጅቷል።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ጥፋቱ የኃላፊው ነው። ደብዳቤዬን ያለ ቦታው ተጠቀመበት። እኔ የጻፍኩት ለመዝገብ ቤቱ ጉዳይ ነው። ይህን ማንም ሰው ይረዳዋል።

ደብዳቤውን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። መዝገብ ቤት የሚል ቃል የለበትም። አንድም ቦታ። «ያለ ምንም ለውጥ» ግን አለ። በደማቁ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ውሉን ላኩልኝ። ሁሉም ቅርንጫፍ። መፈረም ብቻ ነው የቀረኝ። እስክሪብቶ አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ሰው ቤት ዕቃ ሰብሮ ዝም ብሎ እንደሚወጣ ልጅ ሆንኩ።

እህቴ ጋ ደወልኩና ነገርኳት። «ብዬሽ ነበር» እንድትል ጠበቅኩ። አላለችም። ይባስ ተናደድኩ። ያልኳትን ሁሉ ሰምታ፦

«እኔ ጋ ምን አመጣሽ? እሷ ጋ ሂጂ እንጂ።»


ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ምድር ቤቱ ካፍቴሪያ። ይቅርታዬን ወረቀት ላይ ጽፌ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ሦስት ክፍል ነበረው። መግቢያ፣ ጸጸት፣ የመፍትሔ ሐሳብ። እውነቴን ነው፣ መፍትሔ ሐሳብ የሚል ንዑስ ርዕስ ነበረው።

በዚህ ጊዜ ስሜን ነግሬ፣ መቀመጥ እችል እንደሆነ ጠይቄ ተቀመጥኩ። ጀመርኩ። ከመግቢያው ወደ ጸጸቱ ስሻገር ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሷ ሾርባዋን እየጠጣች አዳመጠችኝ። ሳበቃ፦

«ጨረስሽ?»

አንቺ አለችኝ። እኔም ቀና አልኩ።

«አንቺ ልበልሽ እንግዲህ» አለች። «አንቺማ ቀድመሽኛል።»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

«ይቅርታ እንድታደርጊልኝ...»

«ይቅርታውን ኋላ አስብበታለሁ። አሁን አታልቅሺብኝ፣ ሰው እኔ ያስለቀስኩሽ ይመስለዋል። ዝርዝሩ ሰኞ ሳምንት ነው የሚጸድቀው። ደብዳቤሽን መልሺ።»

«ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ለዚህ ቦታ ከማንም በላይ ብቁ መሆንሽን...»

«አየሽ!» አለች። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ብቁ መሆኔን በምን ታውቂያለሽ? አሥር ደቂቃ አይደል ያየሽኝ? ልበቃም ላልበቃም እችላለሁ። እሱን ፈተናው ይወስነዋል። አንቺ የጻፍሽውን ብቻ አንሺ። ምንም አትጨምሪ።»

«ምንም?»

«ያንቺ ችግር እኮ መጨመር ነው።»

ከዚያ ስለ እኔ ጠየቀችኝ። እግሬ እንዴት እንደሆነ አይደለም። በምን መንገድ ወደዚህ ሥራ እንደገባሁ። ነገርኳት። የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ አለቃዬ ደረጃ ይከብዳታል ብሎ ሳይጠይቀኝ ምድር ቤት፣ የማይፈለግ ክፍል አዛወረኝ። ሁለት ዓመት አቧራ ስቆጥር ኖርኩ። በዚያ እልህ ነው አሰልጣኝ የሆንኩት። ይህን ታሪክ በየሥልጠናው እናገረዋለሁ። ሁልጊዜ ሰው ያዝንልኛል።

እሷ አላዘነችም። «እና እሱ ሰውዬ ክፉ ነበር?» አለችኝ።

አሰብኩ። «አይ። ደግ ነበር።»

«እ...» አለች። ሾርባዋን ቀጠለች።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬ ደብዳቤዬን መለስኩ። በእግሬ ሄጄ፣ በገዛ አፌ።

በኢሜይል ልጨርሰው አስቤ ነበር። «በተፈጠረው ያለመግባባት ምክንያት» ብዬ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ያለመግባባት! ማን ከማን ጋር ነው ያልተግባባው? አንድ ሰው ብቻ ነው የተናገረው፣ እኔ። አጠፋሁት።

ሥራ አስኪያጇ ወደ ምድር ቤት ወረደችልኝ። ኃላፊውም አብሮ።

«ደብዳቤዬን አንስቻለሁ» አልኩ። «ስሕተት ነው።»

«ምኑ ነው ስሕተቱ?»

«ሠራተኛዋን ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት።»

ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን አወለቀች። «አልጠየቋቸውም?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ለምን?»

«የማውቅ መስሎኝ።»

ኃላፊው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ይጻፍ። ሳቁን ደግሞ እንደ ጨዋ ሰው ዋጠው። እኔ ብሆን አልችለውም ነበር።

«ከመርዳታችሁ በፊት ጠይቁ ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለች ሥራ አስኪያጇ። ልትሰድበኝ ፈልጋ አይደለም። ገርሟት ነው። እሱ ነው የባሰው።

«እኔ ነኝ።»

ቧንቧ ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። የውኃ መሥሪያ ቤት...

ኃላፊው «ዝርዝሩ እኮ ተዘግቷል» ለማለት ሞከረ። «ያወጣናቸው በዚህ ደብዳቤ ከሆነ፣ ደብዳቤው ሲነሳ ይመለሳሉ፣ ምኑ ይከብዳል?» አለችው ሥራ አስኪያጇ። በቃ። በሁለት ደቂቃ አለቀ። እኔ ሳልጮህ፣ ምርኩዝ ሳይወድቅ።

ስወጣ ጠራችኝ። «የዓመቱን ሥልጠና ነገር ለጊዜው እናቆየው መሰለኝ።»

ለጊዜው። እዚያ ቤት ለጊዜው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሊፍቱን ጠይቁት።

ውጭ ስወጣ ግን... እንዴት ልበለው? እግሬ ቀለለኝ አልልም፣ እግሬ መቼ ቀልሎ ያውቃል። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጬ ለብቻዬ ሳቅኩ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ራቅ አሉ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ፈተናው በወረቀት ነው ተባለ። ኃላፊው መላ ዘየደ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጥያቄዎቹን ላነብላት። ስልከኛዋን ጠየቋት። (ጠየቋት! ይህቺን እንኳ ተምረዋል። ከእኔ ይሁን በእኔ፣ እንጃ።)

«እሷ ካነበበችልኝ መልሱንም እሷው ናት የምትመልስልኝ» አለች አሉ።

ኃላፊው ራሱ ደውሎ ነገረኝ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ትንሽ ቆየሁና።

የቴክኒክ ሠራተኛው ጥያቄዎቹን ኮምፒውተሯ ላይ ሊጭንላት ሆነ። እሱም የእሷ ሐሳብ ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

የፈተናው ቀን። «እንዳትመጪ» ብላኛለች።

አልሄድኩም። ማለቴ፣ መሥሪያ ቤቱ አልሄድኩም። ከመንገዱ ማዶ ያለው የጽሕፈት ዕቃ መሸጫ ነው የሄድኩት። እስክሪብቶ ጨርሼ ነበር። ሻጩን ስለ ሰማያዊና ስለ ጥቁር ቀለም ልዩነት ሃያ ደቂቃ አዋራሁት፣ ዓይኔ መስኮቱ ላይ። አራቱ ዕጩዎች ገቡ። እሷ ዱላዋን እያንኳኳች፣ ከሌላዋ ዕጩ ጋር እየተሳሳቁ።

የመግቢያው ደረጃ ሥር ስትደርስ የሆነ ሰው ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ከመንገዱ ማዶ «ተው!» ልል አፌን ከፈትኩ። እሷ የሆነ ነገር አለችው። ምን እንደሆነ እዚህ አይሰማም። ሰውዬው እጁን መለሰ፣ ክርኑን ሰጣት፣ እሷ ይዛው ወጡ።

አፌን ዘጋሁ።

ሻጩ «ታዲያ የትኛውን ልስጥዎት?» አለኝ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ውጤት ወጣ። ሁለተኛ። በሁለት ነጥብ! ቦታው ለሌላዋ ተሰጠ።

የሰማሁት ከኃላፊው ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ደሜ እንደገና መፍላት ጀመረ። እንዴት በሁለት ነጥብ? ማን አረመው? ኮምፒውተሩ ጥያቄውን በትክክል አንብቦላታል? ተጨማሪ ሰዓት ተሰጥቷታል? ላፕቶፔን ከፈትኩ። «ጉዳዩ፦ በፈተናው ሂደት ላይ የቀረበ ተቃውሞ»... አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። ሐሳቡ ይንዶለዶላል። ምን ዓይነት ደብዳቤ መሰላችሁ... መሰላችሁ እላለሁ፣ ማንን ነው የማወራው? ሥልጠና ላይ ያለሁ መስሎኝ።

«ያለ ምንም» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ።

ደወልኩላት።

«ሰማሁ» አልኳት። «አዝናለሁ። ...ምን ላድርግ?»

ምን ላድርግ! ለዚህች ጥያቄ ዘጠኝ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብኝ።

«ምንም» አለች።

«ውጤቱ ልክ ነው ብለሽ ታምኛለሽ?»

«ወረቀቴን አስመልክተውኛል፣ ተነብቦልኛል። የፈረቃ ድልደላውን ጥያቄ ተሳስቻለሁ። ያሸነፈችኝ ጎበዝ ናት፣ አውቃታለሁ፣ ስድስት ዓመት አጠገቤ ነው የተቀመጠችው። ትናንት እቅፍ አድርጌ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ከዚያ ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ።»

ዝም አልኩ። የምለው ነበረኝ፣ ግን ዝም አልኩ።

«ታውቂያለሽ» አለች፣ «ትምህርት ቤት እያለሁ አዝነው ነጥብ ይጨምሩልኝ ነበር። ስሠራ ደግሞ አዝነው ከውድድር ያስቀሩኝ ነበር። እስካሁን በዕድሜዬ ተሸንፌ አላውቅም። ይኸው ተሸነፍኩ። ልክ እንደ ሰው።» ሳቀች። ጉሮሮዋ ውስጥ ገና ለቅሶ ነበር። «ያማል ለካ።»

«ያማል» አልኳት።

«የመጋቢቱ ቦታ ላይ ድጋሚ አመለክታለሁ። የድልደላውን ነገር አጠናለሁ። ...በይ፣ አሁን ደህና ዋይ። ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ገጽ ተኩሉን አጠፋሁት። የሚያሳዝን ነው፣ አጻጻፉ ግሩም ነበር።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ብርቱካኑን ራሴ ልላጥ ብዬ እማን አስቀየምኳት። «ምን አጠፋሁ?» አለች። በኋላ ጠየቅኳት፣ «መላጥ ደስ ይልሻል እንዴ?» «ሌላ ምን ልሥራ፣ ሁላችሁም ትልቅ ሆናችሁ» አለች።

አንዱን እሷ ላጠችልኝ፣ አንዱን እኔ ላጥኩላት። የእኔው ተጨማለቀ። እህቴ አላመለጣትም።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ከውኃ አገልግሎት አልደወሉም። ሌላ ሰው ግን ደወለ፣ የዳቦ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ። ስልክ ቁጥሬን የሰጠችው ስልከኛዋ ናት። ቧንቧ ፈንድቶበት ሲያወሩ። እኔን እንዴት ብላ እንዳስተዋወቀችኝ ልጠይቀው አልኩና ፈራሁ።

ሰውዬው ቸኩሏል። አንድ ሠራተኛው በመኪና አደጋ አንድ እግሩን አጥቷል። ሰው ሠራሽ እግር ተደርጎለት ተመልሷል። ሥራው ላይ ደህና ነው፣ ግን እያረፈደ መምጣት አበዛ። «ጥበቃ ላደርገው አሰብኩ፣ ተቀምጦ እንዲሠራ። ወይስ ምን ይሻላል?»

መልሱ ወዲያው መጣልኝ። ከፊት ለፊቴ ተዘርግቶ ይታየኛል። ከመግቢያው ጀምሮ ያሉት ደረጃዎች ይነሱ፣ በምትካቸው ተዳፋት መውጫ ይሠራ፣ ግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ ብረት... የብረቱ ቁመት ሳይቀር በቃሌ ነው የማውቀው። የምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሰውዬው አጠገብዎ አለ?» አልኩት።

«ማን? ...እሱ? አዎ፣ ማሽኑ ጋ ነው።»

«ስልኩን ሊሰጡት ይችላሉ? ማውራት ከፈለገ ነው።»

ግራ ተጋባ። ከዚያ የእግር ኮቴ፣ የማሽን ድምፅ። «ሃሎ?» የሚል የጎልማሳ ድምፅ፣ ጥርጣሬ ያለበት።

ስሜን ነገርኩት። ሥራዬን ነገርኩት። «ለአለቃህ ምን ልበለው?... ይቅርታ፣ አንተ ልበልዎት ወይስ እርስዎ?»

ሳቀ። «አንተ ይበቃል።»

«እንግዲህ ምን እንዲደረግልህ ነው የምትፈልገው?»

ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ያ ዝምታ ውስጥ ሦስት ምክር ሊያመልጠኝ ነበር። ከንፈሬን ነከስኩ፣ እውነተኛ መንከስ።

«የጠዋቱ አውቶቡስ ነው» አለ መጨረሻ ላይ። «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይጨናነቃል፣ ሰው ይገፋኛል፣ ሁለቴ ወድቄያለሁ። ስለዚህ እስኪቀል ጠብቄ ነው የምሳፈረው። አንድ ሰዓት ዘግይቼ ብገባ፣ አንድ ሰዓት ዘግይቼ ብወጣ... ሌላ ምንም አልፈልግም። ሥራዬን እወደዋለሁ።»

«ይህን ለአለቃህ ነግረኸዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ስልኩን መልሶ ለአለቃው ሰጠው። አለቃውም «እና? ምን ይመክሩናል?» አለኝ።

«እሱ የነገረኝ ነገር አለ። ከራሱ ይስሙት፣ እኔ ብደግመው ይበላሻል» አልኩት። ስልኩ ሳይዘጋ ሁለቱ ሲነጋገሩ እሰማለሁ። «አውቶቡስ? ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»... ቀጥሎ ማሽኑ ዋጠው። እኔን ረስተውኛል። እንደዚያው ይዤ ቆየሁ።

ሠራተኛው ደረጃ የሚባል ነገር አላነሳም። ቆይቼ ትዝ ሲለኝ አለቃውን ጠየቅኩት። ለካ ፋብሪካው ምድር ላይ ነው፣ አንድም ደረጃ የለውም።